ቶሮ በዋልደን ሐይቅ ዳር የጻፈው ሒሳብ

በጥቂት ነገር ረክቶ ስለሚኖር ሰው ሲነገር፥ በአገራችን ሰው ልብ ቶሎ የሚመጣው መናኝ ነው። ዳባ ለብሶ፥ ቅጠል በጥሶ፥ ሥር ምሶ በዋሻ የሚኖረውን ባሕታዊ አባቶቻችን ሲያከብሩት ኖረዋል፤ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን የመናኙ ክብር የሚመነጨው ከዚህ ዓለም ተለይቶ ለወዲያኛው በመሰናዳቱ ስለ ሆነ፥ በዓለም ለቀረነው፥ የቤት ኪራይ ለምንከፍለው፥ ለልጆቻችን ልብስ ለምንገዛው፥ ለሠርግና ለተዝካር ለምንጠራው ሰዎች ምሳሌነቱ ሩቅ ሆኖ ይታየናል። «እርሱማ መንኖአል» እንልና መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ዛሬ ታሪኩን የምናወሳው ሰው ግን መናኝ አልነበረም። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ፥ ከተማውም በማሳቹሴትስ ግዛት ከቦስተን በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮንኮርድ ናት። ከሰው ሳይለይ፥ ዓለምንም ሳይክድ፥ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን በአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ኖረ፤ የኖረበትንም ወጪ እስከ ሳንቲም ሩብ ድረስ እየቈጠረ ጻፈ። ስለዚህ ሰው የተጻፈው ብዙ ነው፤ የሚበዛውም ስለ ዛፉ፥ ስለ ወፉና ስለ ሐይቁ ጥራት የሚናገር ነው። እኛ ግን ዐይናችንን የምናሳርፈው በሒሳቡ ላይ ነው። ለምን ቢባል፥ ይህ ሰው በኋላ የባሪያ ፍንገላን የሚደግፈውን መንግሥት ፊት ለፊት ሲቃወም ድፍረቱን ከወዴት እንዳገኘው የሚገልጠው ያ ደረቅ የሳንቲም ዝርዝር ይመስለናል። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቶሮ የተወለደው ጁላይ 12 ቀን 1817 ነው። በ1837 በሃያ ዓመቱ ከሃርቫርድ ኮሌጅ ተመረቀ። ያ ዓመት በአሜሪካ ባንኮች የተናጉበት፥ ሥራ የጠፋበት ክፉ ዓመት ነበር። እንዲህ ሲሆን ሳለ ወጣቱ በተወለደባት ከተማ በሕዝብ ትምህርት ቤት መምህርነት ተቀጠረ፤ ወላጆቹም ዕፎይ አሉ። ዳሩ ግን ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሠራ ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አንዱ ሽማግሌ መጥቶ ክፍሉን ጎበኘና፥ ተማሪዎቹ አለመገረፋቸውን አይቶ፥ ያለ አለንጋ ትምህርት የለም ሲል አስጠነቀቀው። እንደሚተረከው ቶሮ በዚያው ዕለት ጥቂት ተማሪዎችን ያለ ጥፋታቸው አስነሥቶ መታና ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ ሥራውን ለቀቀ። በልጆቹ ላይ የወረደው ዱላ ፍትሕ እንደሌለው ግልጽ ነው፤ ይህን ድርጊቱን ልናመሰግንለት አንችልም። ነገር ግን በዚያ የችግር ዓመት፥ ደመወዝ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ጊዜ፥ ያላመነበትን ሥራ በአንድ ቀን ጥሎ መውጣቱ ከተማውን ሁሉ አስገረመ።

ከዚያ በኋላ ወደ አባቱ ሥራ ገባ፤ አባቱ የእርሳስ ሠሪ ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ እርሳስ እንደ ሞራ የሚለጠፍ፥ ቶሎ የሚሰበር ነበር። ቶሮ የእርሳሱን ማዕድን በደንብ አድቅቆ ከሸክላ አፈር ጋራ መቀላቀልን ተማረና የቤተሰቡን እርሳስ በአገሩ ከሚሠሩት ሁሉ ከሚበልጡት አንዱ አደረገው። ወዳጁ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን በኋላ ሲተርክ፥ ቶሮ ጥሩውን እርሳስ ከሠራ ወዲያ አንድ ጊዜ የሠራሁትን ለምን እደግመዋለሁ ብሎ ተወው ይላል። ወሬው ያምራል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ቶሮ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ ሁሉ ወደ እርሳሱ ይመለስ ነበር፤ አባቱ በ1859 ሲሞትም የቤተሰቡን ንግድ እርሱ ያዘ። ይህን የምናነሣው፥ በቀላል ኑሮ የሚኖር ሰው ሥራ ጠል ነው የሚለው አሳብ ሥር የሌለው መሆኑን ለማመልከት ነው።

በቋንቋችን ይሉኝታ የሚባል ቃል አለ። «ሰው ምን ይለኛል» ከሚለው ፍርሃት የተወለደ ነው። መልካም ጎን እንዳለው አንክድም፤ ነውርን ያስጠላል፥ ሽማግሌን ያስከብራል። ነገር ግን ስንቱ ሰው በይሉኝታ ተበድሮ ደግሶ፥ ዕዳውን ሲከፍል ጠጕሩ ሸብቶአል! ቃሉ የኛ ይሁን እንጂ ነገሩ በኮንኮርድም ነበረ። ቶሮ በሃርቫርድ ተምሮ ቄስ፥ ጠበቃ፥ ሐኪም ወይም ነጋዴ አለመሆኑ ለጎረቤቶቹ እንቆቅልሽ ሆነባቸው። በ1842 የሚወደው ታላቅ ወንድሙ ጆን በምላጭ ቈስሎ በመንጋጋ ቈልፍ ሞተበት። በ1844 ደግሞ ከወዳጁ ጋራ ሆኖ ዓሣ ሊጠብስ ያነደደው እሳት አመለጠውና ከ120 ሄክታር የሚበልጥ ጫካ አጋየ። ከዚያ ወዲያ ጫካ አቃጣዩ የሚል ስም ወጣለት። ስለዚህ ወደ ዋልደን ሐይቅ ሲወርድ ከከተማው ሰው የሚጠብቀው ምስጋና እምብዛም አልነበረም።

የሐይቁ ዳር መሬት የኤመርሰን ነበር። በ1845 በማርች ወር መጨረሻ ቶሮ ከሰው መጥረቢያ ተዋሰና ጥድ ይቈርጥ ጀመር፤ መጥረቢያውንም ሲመልስ ከተቀበለው ይልቅ አስልቶ እንደ መለሰው በኩራት ጽፎአል። ጄምስ ኮሊንስ ከሚባል ከአንድ አየርላንዳዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሮጌ ጎጆ በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ ሳንቃውን ነቀለ፤ ሳንቃውን በጋሪ ሲያመላልስ ሳለ ደኅና ደኅናውን ምስማር ሌላ ጎረቤት ወደ ኪሱ ከተተበት። ቤቱ ወርዱ 3 ሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በውስጡ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ መጻፊያና ሦስት ወንበሮች ነበሩ። የገባበት ቀን ጁላይ 4 ቀን 1845፥ ማለት የአሜሪካ የነጻነት በዓል ነው፤ እርሱ ግን ቀኑ እንዲያው የገጠመ ነው ይላል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ለሳንቃ 8 ዶላር ከ3 ሳንቲም ተኩል፤ ለሺህ አሮጌ ጡብ 4 ዶላር፤ መስተዋት ላላቸው ሁለት ያገለገሉ መስኮቶች 2 ዶላር ከ43 ሳንቲም፤ ለኖራ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም፤ ለምስማር 3 ዶላር ከ90 ሳንቲም፤ ለበሩ መቀርቀሪያ 10 ሳንቲም፤ ለጠመኔ አንድ ሳንቲም። ለማጓጓዣ የጻፈው 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የቀረውን በጀርባው ተሸክሞታል። ጠቅላላው ድምር 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ሆነ። የጠመኔውን አንድ ሳንቲም እንኳ ሳይረሳ መጻፉ ሲያዩት ያስቃል። ነገር ግን ወዲያው አጠገቡ የሚያቆመውን ሌላ ቍጥር ሲያዩ ሣቁ ይቀራል፤ ይኸውም በሃርቫርድ አንድ ተማሪ ለሚያድርበት ክፍል በየዓመቱ የሚከፍለው 30 ዶላር ነበረ። ቶሮ ተማሪው ለአንድ ዓመት ከሚከፍለው ባነሰ ዋጋ የዕድሜ ልክ ቤት ሠራ ማለት ነው።

ከዚህ ሒሳብ ያወጣው አሳብ እንዲህ ያለ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ በገበያ የተጠራው ገንዘብ አይደለም፤ ያን ገንዘብ ለማግኘት ከዕድሜያችን ቈርሰን የምንሰጠው ክፍል ነው። በአካባቢው መካከለኛ ቤት 800 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በቀን አንድ ዶላር የሚያገኝ የጕልበት ሠራተኛ፥ ቤተሰብ እንኳ ባይኖረው፥ ይህን ለማጠራቀም ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ ሰውዬው ቤቱን የገዛው በ800 ዶላር ሳይሆን በዐሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ነው፤ ዓመቱም ጕልበት ያለው የወጣትነት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው የባቡር ሐዲድ በሐይቁ አጠገብ ያልፍ ነበርና ስለ ባቡሩም አስልቶአል። ወደ ፊችበርግ ከተማ 30 ማይል ነው፥ የባቡሩ ዋጋ 90 ሳንቲም ነው፤ ይህም የአንድ ቀን ደመወዝ ያህል ነው። እኔ አሁን በእግሬ ብነሣ ማታ እገባለሁ፤ አንተ ግን መጀመሪያ የመሳፈሪያህን ዋጋ ሠርተህ ማግኘት አለብህ፥ ስለዚህ የምትደርሰው ከእኔ በኋላ ነው ይላል። ቀልድ ይመስላል፥ ቀልድም አለበት፤ ነገር ግን ሒሳቡን ለማፍረስ የሞከረ ሁሉ ቀላል ሆኖ አያገኘውም።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሄክታር ያህል አሸዋማ መሬት ቈፍሮ አብዛኛውን ቦሎቄ፥ ጥቂቱንም ድንች፥ በቈሎና አተር ዘራ። የቦሎቄው መደብ ተቀጣጥሎ ቢለካ ሰባት ማይል ይሆን ነበር። ከእርሻው 23 ዶላር ከ44 ሳንቲም አገኘ፤ ወጪው 14 ዶላር ከ72 ሳንቲም ተኩል ስለ ነበረ 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል ተረፈው። በመሬት ቅየሳ፥ በአናጢነትና በቀን ሥራ ደግሞ 13 ዶላር ከ34 ሳንቲም አገኘ። ምግቡ በሳምንት 27 ሳንቲም ያህል ፈጀ። ይህን ሁሉ ደምሮ፥ በዓመት ስድስት ሳምንት ያህል ከሠራ ለኑሮው የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚያገኝ ደረሰበት። የቀሩትን ሳምንታት ለማንበብ፥ ለመጻፍና ለመራመድ ያዋላቸዋል። እዚያ በተቀመጠባቸው ዓመታት አንድ መጽሐፍ ጽፎ ሲጨርስ፥ ሁለተኛውን፥ ማለት ዋልደን የተባለውን፥ ጀመረ። ሰነፍ የሚሉት ሰዎች ይህን አላዩም።

በዚህ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚቀርብ ነቀፋ አለ። ጎጆው ከከተማው የሚርቀው ሁለት ኪሎ ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው፤ ቶሮ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ወደ ከተማ ይመጣል፤ ከእናቱ ቤት ይበላል፤ ልብሱን የሚያጥቡለትም እዚያው ናቸው ይባላል። መሬቱም የወዳጁ እንጂ የራሱ አልነበረም። ይህ ሁሉ በጠቅላላው እውነት ነው። ነገር ግን ነቃፊዎቹ መናኝ አድርገው ይቈጥሩትና ምናኔውን አፈረሰ ብለው ይከሱታል። እርሱ ምናኔ አልተሳለም። ወደ ከተማ መሄዱን፥ ለእራት መጠራቱን ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል። በእናቱ ማዕድ መቀመጡ ሒሳቡን ጥቂት ያቃልለው እንደ ሆነ እንጂ አሳቡን አያፈርሰውም፤ የእናት እንጀራ የማይጣፍጠው ፈላስፋስ ምን ዐይነት ፈላስፋ ነው?

እኛ የምንነቅፈው ሌላውን ነው። ቶሮ አንድ ቀን ዝናብ ይዞት ጆን ፊልድ ከሚባል ድኻ አየርላንዳዊ ቤት ተጠለለ። ሰውዬው ሚስትና ልጆች አሉት፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ለአንድ ገበሬ ረግረግ እየቈፈረ ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል። ቶሮ ተቀምጦ ይመክረው ጀመር፦ ሻይ፥ ቡና፥ ቅቤ፥ ሥጋ ብትተው ይህን ያህል መድከም አያስፈልግህም፥ እኔን እይ አለው። ጆን ፊልድ ተነፈሰ፤ ሚስቱም እጅዋን በወገብዋ አድርጋ ተመለከተችው። ቶሮ ይህን ሲጽፍ ባልና ሚስቱ ሒሳብ የማይገባቸው አስመስሎ ነው። እኛ ግን በዚያች ቤት ሒሳቡን የሚያውቁት ባለቤቶቹ ይመስሉናል። ለአንድ ራሱ ብቻ የሚያስብ የሠላሳ ዓመት ወጣትና ጡት የሚጠባ ሕፃን ያለው አባት በአንድ መዝገብ አይጻፉም። ሻይዋን ብትተው እንኳ ጣሪያው ማፍሰሱን አይተውም። የቶሮ መጽሐፍ ስለ ሚስትና ስለ ልጅ፥ ስለ ጡረተኛ እናትና ስለ ታማሚ ወንድም ዐምድ የለውም፤ በአገራችን ደግሞ የሰው ወጪ የሚበዛው በዚህ ዐምድ ነው።

የሆነ ሆኖ ለቶሮ ሚዛን የምንመልስለት ሌላ ምዕራፍ በዚያው መጽሐፍ አለ። ከእርሱ በፊት በዚያ ጫካ እነማን እንደ ኖሩ መርምሮ ጽፎአል። ዋልደን ጫካ ኮንኮርድ ነጻ የወጡ ባሮቿን የገፋችበት ዳርቻ ነበር። ኬቶ ኢንግራሃም የሚባል የአንድ ኮንኮርዳዊ ጌታ ባሪያ የነበረ ሰው በዚያ ኖሮአል። ብሪስተር ፍሪማን፥ ስሙም «ነጻ ሰው» ማለት ነው፥ የፖም ዛፎች ተክሎ ነበርና ዛፎቹ በቶሮ ዘመን ገና ያፈሩ ነበር። ዚልፋ የምትባል ጥቁር ሴት ደግሞ በትንሽ ጎጆ ብቻዋን እየኖረች ለከተማው ሰዎች ተልባ ትፈትል ነበር፤ ስትፈትልም ዜማዋ በጫካው ያስተጋባ ነበር ይባላል። በ1812 በተጀመረው ጦርነት ጊዜ ምርኮኞች የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች እርስዋ በሌለችበት ጎጆዋን አቃጠሉባት፤ ድመትዋ፥ ውሻዋና ዶሮዎችዋ አብረው ነደዱ።

እነዚህ ሰዎች በቀላል ኑሮ የኖሩት መርጠው አይደለም። የዚልፋ ቤት ስንት ሳንቲም እንደ ፈጀ የጻፈ የለም። ቶሮ ያረፈባት መሬት ለእርሱ የነጻነት ቦታ ስትሆን፥ ለእነርሱ ሌላ ቦታ በማጣት የተሰደዱባት ጠርዝ ነበረች። ይህን ልዩነት ቶሮ በግልጽ አልተነተነውም፤ ስማቸውን ግን ከመረሳት አዳነው። በኋላ ያደረገውን ስናይ ደግሞ በእነዚያ በፈረሱ ምድር ቤቶች መካከል ሲመላለስ ልቡ ዝም ብሎ እንዳልነበረ እንገምታለን።

ይኸውም በ1846 የደረሰው ነገር ነው። ቶሮ የነፍስ ወከፍ ግብር መክፈል ካቆመ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። በዓመት 1 ዶላር ተኩል ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ነው። ያልከፈለበትም ምክንያት መንግሥቱ ባርነትን ስለሚደግፍ ነው፤ በዚያ ዓመት በሜይ ወር ደግሞ አሜሪካ በሜክሲኮ ላይ ጦርነት ከፈተች፤ ባርነትን የሚጠሉ ሰዎችም ጦርነቱ የባሪያ ፈንጋዮቹን መሬት ለማስፋት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ቶሮ ጫማ ሠሪ ዘንድ የሰጠውን ጫማ ሊቀበል ወደ ከተማ ሲገባ ሳም ስቴፕልስ አገኘው። ሳም ስቴፕልስ ግብር ሰብሳቢም የወህኒ ቤት ጠባቂም ነበር፤ ትንሽ ከተማ ናትና። ጥሩ ሰው ስለ ነበረ ገንዘብ ቸግሮህ እንደ ሆነ እኔ እከፍልልሃለሁ አለው። ቶሮ ነገሩ የገንዘብ አይደለም ብሎ እንቢ አለና ወህኒ ገባ። ጎተራ አቃጥሏል ተብሎ ፍርዱን ከሚጠብቅ ሰው ጋራ አደረ። በዚያው ሌሊት አንድ ሰው፥ ምናልባት አክስቱ፥ ግብሩን ከፈለለት። በማግሥቱ ከወህኒ ሲያስወጡት ተቈጣ። ከዚያም ጫማውን ተቀበለና የጫካ ፍሬ ለመልቀም የሚሄዱ ሰዎችን እየመራ ወደ ኮረብታ ወጣ።

አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት ወዳጁ ብሮንሰን ኦልኮት በ1843 ግብር አልከፍልም ብሎ ተይዞ ነበር፤ ዓለም ግን ያን ረሳ። የቶሮ ሌሊት ያልተረሳው በኋላ ስለ ጻፈበት ነው። በ1848 መጀመሪያ በኮንኮርድ የሕዝብ ንግግር አዳራሽ ለጎረቤቶቹ ምክንያቱን አስረዳ፤ በ1849 ጽሑፉ ታተመ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሒሳቡና ወህኒው የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ከጎረቤቶቼ ጋራ ስነጋገር፥ ይላል፥ ባርነቱን የሚወድ የለም፤ ነገር ግን መንግሥቱን ቢቃወሙ በንብረታቸውና በቤተሰባቸው ላይ የሚደርሰውን ይፈራሉ። ሀብታም ሰው ሀብታም ላደረገው ነገር ምንጊዜም የተሸጠ ነው። ስለዚህ ያልታዘዝኩበትን ላደርግ የማልሻ ሰው ብዙ ጕዳይ ሊኖረኝ አይገባም፤ ወገቤን ታጥቄ ለመነሣት የተዘጋጀሁ መሆን አለብኝ ይላል። ቃሉን በራሳችን አነጋገር አሳጠርነው እንጂ አሳቡ ይህ ነው። የ28 ዶላር ቤት ያለውን ሰው በቤቱ ማስፈራራት አይቻልም። መዝገቡን ስናነብ ቍጥብነት የመሰለን ነገር በወህኒ ቤቱ ደጃፍ ሌላ መልክ ይዞ ይታያል።

ይህን ስንጽፍ የመንግሥት ደመወዝ የምንበላ መሆናችንን አልዘነጋንም። አንባቢም ግብር አትክፈል ብለን እንደምንመክር አድርጎ እንዳይወስድብን። ቶሮ ራሱ የመንገድ ግብር አልከፍልም ብሎ አያውቅም፤ መልካም ጎረቤት መሆን እወዳለሁና ብሎ ይከፍለው ነበር። የተቃወመው በገንዘቡ ሰው እንዲገዛና ሰው እንዲገደል ነው። በቢሮ ለምንሠራ ሰዎች ይልቅ የሚቀርበን ሌላው ጥያቄ ነው፦ ስንት ጊዜ ነው ያላመንበትን ወረቀት የምንፈርመው ልጅ ስለምናሳድግ ነው ያልነው? ስንት ጊዜስ ነው ነገሩ በእውነት ለልጁ ሳይሆን ለአዲሱ ሶፋ የሆነው? ይህን ሁለቱን ለይቶ የሚጽፍ መዝገብ እያንዳንዱ ለራሱ ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

በ1850 ያመለጠ ባሪያን አሳልፎ መስጠትን የሚያስገድድ ሕግ በአሜሪካ ወጣ። ቶሮ በኦክቶበር 1 ቀን 1851 በጻፈው የዕለት ማስታወሻ፥ ከቨርጂኒያ አምልጦ የመጣውን ሄንሪ ዊሊያምስ የሚባል ሰው ቤተሰቡ አስጠልሎት እንደ ነበረና ወደ ካናዳ በሚወስደው ባቡር እንዳሳፈረው ይተርካል። ልብ በሉ፤ ያ በሒሳብ ሲቀልድበት የነበረው ባቡር ነው፥ ለዚህ ጊዜ ግን የመሳፈሪያው ዋጋ አልበዛበትም። በ1859 ጆን ብራውን ባሮችን በጦር መሣሪያ ነጻ ለማውጣት በሃርፐርስ ፌሪ የጦር ግምጃ ቤት ላይ አደጋ ጥሎ ተያዘ። ባርነትን የሚቃወሙት ሰዎች እንኳ ሰውዬው አብዷል ብለው ሲሸሹ፥ ቶሮ በኦክቶበር 30 በኮንኮርድ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ እርሱ ተናገረ። ጊዜው አይደለም ብለው ወዳጆቹ ቢልኩበት፥ እኔ የላክሁባችሁ ምክር ፈልጌ ሳይሆን እንደምናገር ላስታውቃችሁ ነው የሚል መልስ ሰጠ ይባላል። ደም በማፍሰስ ነጻነት ይመጣል ወይስ አይመጣም በሚለው ክርክር ከቶሮ ጋራ የማይስማማ አለ፤ ብቻውን ለመቆም ያለውን አቅም ግን የሚጠራጠር የለም።

በሕይወቱ ሳለ ገበያው አልቀናውም። በ1849 በራሱ ኪሳራ ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ 1,000 ቅጂ ታትሞ፥ በ1853 አሳታሚው 706 ቅጂዎች መለሰለት። በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሰገነት አወጣቸውና፥ ወደ 900 ከሚጠጉ መጻሕፍቶቼ ከ700 የሚበልጡትን የጻፍኋቸው እኔ ነኝ ብሎ ቀለደ። ዋልደን ከሰባት ጊዜ ያላነሰ ተጽፎ ተፍቆ በ1854 በኦገስት 9 ቀን ወጣ፤ 2,000 ቅጂ ታትሞ ለማለቅ ዓመታት ፈጀ።

ሜይ 6 ቀን 1862 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ 44 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ በፊት አክስቱ ከእግዚአብሔር ጋራ ታርቀሃል ወይ ብትለው፥ ተጣልተን እንደ ነበር አላውቅም ብሎ መለሰላት ይባላል። በቀብሩ ላይ የተናገረው ኤመርሰን ነው። ብዙ አመሰገነው፤ ነገር ግን ከምስጋናው መካከል ምኞት የጐደለው ሰው መሆኑን አዝኖ ተናገረ፤ ለመላው አሜሪካ ታላላቅ ሥራ ማቀድ ሲችል የፍሬ ለቃሚዎች አለቃ ሆኖ ቀረ አለ። ይህን ቃል ስናነብ ያ ከወህኒ የወጣበት ጧት ትዝ ይለናል። እንዲህ ያለው ወዳጅ፥ መሬቱን የሰጠው ሰው እንኳ፥ በመጨረሻ የለካው በከተማው ክንድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ እናልፈዋለን። ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ሳለ በ1907 የቶሮን ጽሑፍ በጋዜጣው አወጣ፤ ትግሉን የጀመርሁት ግን ከማንበቤ በፊት ነው ይል ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ አነበበው፤ በ1955 የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ባሉ ጊዜም ያ ጽሑፍ እንደ ታወሰው ጽፎአል።

ጎጆዋን በሚመለከት፥ ቶሮ በሴፕቴምበር 6 ቀን 1847 ከወጣ በኋላ ለኤመርሰን ቀረች፥ ከዚያም ለአትክልተኛው ተሰጠች። በ1849 ከቦታዋ ተነሥታ ወደ አንድ እርሻ ተወሰደችና የእህል ማስቀመጫ ሆነች። በ1868 ፈረሰች፤ ዕንጨትዋም ለጎተራና ለአሳማ ቤት ዋለ። ከ1872 ጀምሮ ጎብኚዎች ቦታዋ ነው ባሉት ሥፍራ ድንጋይ እየጣሉ ቍልል አደረጉ፤ ቦታው ግን በትክክል የት እንደ ሆነ እያከራከረ 70 ዓመት አለፈ። በ1945፥ ቶሮ ከገባ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላ፥ ሮላንድ ሮቢንስ የሚባል ሰው በክረምት መግቢያ አፈሩን እየወጋ ፈለገና ከቍልሉ ጥቂት ፈንጠር ብሎ የጢስ መውጫውን መሠረት አገኘው። ከመሠረቱ ዙሪያ አሮጌ ምስማር፥ የጡብ ስባሪና የኖራ ቅርፊት ወጣ።